ድርሻዬን እንዳትነኩ

ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ የተመታ አንድ የጣውላ መደርደሪያ አላት። እዚያ ላይ በሌላ ሳህን የተከደኑ ሳህኖች ተደርድረዋል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ምግብ ያለባቸው ይመስለውና «ከዚያ ከላይኛው አውርጂልኝ» ይለኛል። ባዶ ናቸው እለዋለሁ። ባዶ ሳህን ለምን ይከደናል ብሎ የሚያደርቀኝን ደግሞ አርብ ና እለዋለሁ። እኔ አፌን ከማደክም አርብ አርብ የማሳየው ድራማ ቢያስረዳው ይሻላል።

ድራማው አሮጌ ነው። ታሪኩ ከአንድ የተከራዮች ግቢ አይወጣም። አከራይዋ ቧንቧውን በቁልፍ የምትቆልፍ ሴትዮ ናት። ልብስ ሰፊው የጀመረውን ሱሪ ጨርሶ አያውቅም። ባልና ሚስቱ ከተኮራረፉ ስለቆዩ የሚነጋገሩት በግድግዳው ሰዓት በኩል ነው፤ ሚስት «አንተ ሰዓት፣ ያንን ሰውዬ ራት ቀርቧል በለው» ትላለች፣ ባልም ለሰዓቱ ይመልሳል። ከሁሉም ግን ሰው የሚወደው ባለ ሻንጣውን ነው። ይህ ሰው በየሳምንቱ እስከ መጨረሻው ይሰናበታል። አንዴ ዘፋኝ ሊሆን፣ አንዴ ውርስ ሊቀበል፣ አንዴ መርከበኛ ሊሆን። በገመድ የታሰረች ቡኒ ሻንጣውን ይዞ፣ ልክ ራት ሊቀርብ ሲል፣ ሁሉንም እያቀፈ ይስማል፤ አከራይዋ ሳትቀር ታለቅሳለች። ከዚያ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዞር ይልና «ድርሻዬን እንዳትነኩ!» ይላል። ክፍሉ ሳያልቅ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የት ደርሰህ መጣህ የሚለው የለም። የተከደነለትን ሳህን ይገልጡለታል፣ እሱም ይበላል።

ይህን ያየነው እኔና ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ በጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። ወለሉ ላይ እንቀመጣለን፣ እሷ ጭኔ ላይ። በድራማው ውስጥ የማይታዩ ሰዎች ይስቃሉ፤ ልጅ ሆኜ ከሳጥኑ ጀርባ የተቀመጡ ይመስለኝ ነበር። እናታችን ያንን ሳቅ አትወደውም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትላለች፣ ልትጠራን መጥታ በር ላይ ቆማ። እኔም በሆዴ ምን ውሃ አለና እላለሁ። እኛ ዘንድ ያለው ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ ክረምት ካልሆነ በቀር በግ እንኳ አይወስድም።

ከዚያ ድራማው ተቋረጠ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በመጨረሻዋ ክፍል ባለ ሻንጣው እንደ ልማዱ ተሰናብቶ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ቃሉን ተናግሮ ወጣ፤ ክፍሉም እዚያው አለቀ። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዝግጅት ገባ። ሰውየው እንደወጣ ቀረ። እህቴ ያን ማታ የት ያድራል እያለች አልቅሳ አስቸገረችን። እናቴ ቁጣውም ልምምጡም ሲያቅታት ሳህን አመጣች፣ ከራታችን ቆንጥራ አኖረችበት፣ ከደነችውና «በይ፣ ሲመጣ ይበላል» አለቻት። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነበር። እናቴ ትሁን ድመቷ እስከ ዛሬ አላውቅም። እህቴ ግን «መጥቷል» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ አወራች።

ጅቡቲ ከገባሁ በኋላ ያንን ሰውዬ እረሳዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ወደ ወደቡ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው ድራማውን በፍላሽ ሞልቶ ያመጣልኝ። የዛን ቀን አርብ ነበር፣ የዕረፍት ቀን፤ በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶቻችን የሚወጡበት ቀን። ከፈትኩት። ሽሮውም ሩዙም በየሳህኑ ቀዘቀዘ። ሁሉም በየአፉ ከሰውየው ቀድሞ ይናገርለታል። አንዷ ሳቅ ይዟት ወደ ውጭ ወጣች፣ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ያለ ባለ ሻንጣው ምግብ ማቅረብ አልቻልኩም።

ለምን እንዲህ እንደሚወዱት ብዙ አስቤበታለሁ። ቀልዱ እንደሆነ አርጅቷል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ቢያየው ያዛጋል። እዚህ ግን እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ በር ወጥቷል። ሲወጣ ዞር ብሎ ድርሻዬን እንዳትነኩ ማለት እያማረው ሳይል ነው የወጣው። ስለዚህ ያን ሰውዬ ሲመለስ ማየት ደስ ይላል። በየሳምንቱ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ ይመለሳል፣ ሳህኑም እንደተከደነ ይጠብቀዋል።

ደንበኞቼ ግን የቤት ሠራተኞቹ ብቻ አይደሉም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ኦቦክ የሚያልፉት ወጣቶችም ይመጣሉ። ከከተማው ዳር ከባልባላ በሚኒባስ ተጭነው፣ ፌስታላቸውን በእግራቸው መሃል አድርገው ይበላሉ። ከኦቦክ ጀልባ ይጠብቃቸዋል፣ ከጀልባው ማዶ የመን፣ ከየመን ማዶ ሳውዲ። እኔ አትሂዱ አልላቸውም ነበር። ብዬ ብዬ ደክሞኛል፤ ልቡ የተነሳ ሰው ጆሮ የለውም።

አንድ አርብ ከእነሱ አንዱ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ የወልድያ ልጅ፣ ሳህኑ ላይ ትንሽ አስተርፎ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና «ድርሻዬን እንዳትነኩ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ፣ እናቴ እንዳደረገችው፣ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድኜ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩለት። በዚህ ሙቀት ምግብ ስለማይውል ማታ ደፍቼ አጠብኩት፣ ባዶውን ግን መልሼ ከደንኩት። ሰንብቶ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «እትዬ» አለ ድምፁ፣ «ድርሻዬን ብሉት።» ሌላ ምንም አላለም። ደርሷል ማለት ነው። ሳህኑን አውርጄ ለሰው አቀረብኩበት፣ ቤቱም አጨበጨበ።

ይኸው ነገር ልማድ ሆነ። የሚሄድ ሁሉ ከሳህኑ ላይ ያስተርፋል፣ በሩ ላይ ቃሉን ይላል፣ እኔ እከድናለሁ። የደረሰ ይደውላል፤ «ብሉት» ይላል፤ አወርዳለሁ። አንዳንዱ ቃሉን ሳይል መውጣቱ ትዝ ሲለው ፈርቶ ከመንገድ ተመልሶ የሚል ነበር። ለወጣቶቹ የልብ ልብ ይሰጣቸው ነበር መሰለኝ፤ የሚጠብቀው ሳህን ያለው ሰው የሚቀር አይመስለውም።

ችግሩ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ መብዛታቸው ነው። በመጀመሪያ ስልክ ጠፍቶበት ይሆናል እላለሁ። ቀጥሎ ታስሮ ይሆናል፣ ወይም ደርሶ ረስቶኝ ይሆናል፣ ሰው ከጠገበ ይረሳል እላለሁ። የምግብ ማቅረቢያ እያጠረኝ ሌላ ሳህን ገዛሁ። ሰዎቹ ከታች ሆነው በባለ ሻንጣው ሲስቁ ከላያቸው ያሉትን ሳህኖች ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። የማይታዩት ሰዎች ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲስቁ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውነቴ እየከበደኝ መጣ። የእናቴ ተረት ከስንት ዘመኑ ትዝ አለኝ። እዚህ ውሃ አለ። በጣም ብዙ ውሃ አለ።

ከደጄ ዳቦ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤት አለችኝ። አማርኛ የለቀመችው ከእኔ ቤት ቴሌቪዥን ነው፤ እንደ አከራይዋ ሴትዮ ነው የምትናገረው። አንድ አርብ ባለ ሻንጣው መርከበኛ ሊሆን የሚሄድበትን ክፍል ቆማ እያየች «አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ይሄ ሰው ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ ይመጣል። ባሕር አያውቀውም?»

«ድራማ ነዋ» አልኳት።

«እሺ ድራማ» አለችና መደርደሪያውን አየት አደረገች። «እነዚህስ?»

አፍሽን ያዥ ልላት ፈልጌ ተውኩት። ዳቦዋን ተሸክማ ወጣች።

እህቴ ከእኔ በኋላ ነው የመጣችው። እኔው ነኝ ያስመጣኋት፣ እኔው ነኝ ኤሮን ሰፈር ከአንድ ደህና ቤተሰብ ቤት ያስገባኋት። ማዳሟ መልካም ሴት ናት፤ አርብን አታስቀርባትም ነበር። እህቴ ስትመጣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ካለችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው ቀድሟት ቢቀመጥባት ዓይኗን አፍጥጣ ታስነሳዋለች። ትልቅ ሰው ሆናም ባለ ሻንጣው በሩ ላይ ሲደርስ እጄን ትይዛለች። ሲመለስ ትለቀኛለች።

ሐምሲን የሚባለው የሞቃቱ ወራት ነፋስ በገባበት ሰሞን መሳቅ አቆመች። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ግን ከወጣቶቹ ጠረጴዛ ጋር ነው። አንድ ቀን ከአንዱ ጋር ስታወራ ሰማኋት፤ ከኦቦክ ወዲያ በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ትጠይቀዋለች። ጅዳ ያለች የልጅነት ጓደኛዋ በየቀኑ እንደምትደውልላት አውቃለሁ። ጠርቼ ጓዳ አስገባኋት።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

«ብትሞክሪው በሩን ቆልፌ ነው የማስቀምጥሽ። ለማዳምም እነግራለሁ። ስሚኝ፣ እኔ አንቺን ለዓሣ አላሳደግሁም።»

«እታለም፣ ደግሞ ሟርትሽን ጀመርሽ» አለች። ከዚያ በጓዳው መጋረጃ በኩል መደርደሪያውን ረጅም ጊዜ አየችው። «እነዚህን ግን ለምን አታወርጃቸውም? ባዶ ሳህን እያየሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«ቢደውሉስ?»

«እንዲህ ከመጠበቅ ለቅሶ ተቀምጦ መነሳት ይሻላል» አለች። «እኔ ብሆን ለጠላቴም ይህን ሸክም አልተውለትም።»

እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። ሳህኖቹን እንዲህ ካየቻቸው ፈርታለች ማለት ነው፣ የፈራ ደግሞ አይሄድም ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ የማየው ድራማውን ሳይሆን የእህቴን ሳህን ሆነ። በዚህ ቤት የሚሄድ ሰው ሳያስተርፍ አይሄድም። አንድ ጉርሻ ከተወች እጇን እይዛለሁ አልኩ። ለጎረቤቴም ነገርኳት፤ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመሽ ታግጃለሽ አልኳት። እሺ አለችኝ።

የመጨረሻዋ አርብ ሙቀቱ የሚያፍን ነበር። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ቀትር ላይ መጣ፣ ነፋሱ አሸዋውን በመጋረጃው ሥር እያስገባ ጠረጴዛው ሁሉ ሻከረ። እህቴ መጣች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ድራማውን ልከፍት ስል «እታለም» አለች፣ «ያቺን የመጨረሻዋን ክፈቺልኝ።»

ያቺን ክፍል እዚህ ቤት ከፍቼ አላውቅም። ሹፌሩ ሲያመጣልኝ አብራ ነበረች፤ ግን መንገድ ያለበት ሰው ፊት ያንን እንዴት አሳያለሁ? «እሷ ተበላሽታለች» አልኩ።

«ዋሽተሻል» አለች ፈገግ ብላ። «ተዪው በቃ፤ የፈለግሽውን ክፈቺ።»

የውርሱን ክፍል ከፈትኩ። ሰውየው የማያውቀው አጎቱ በቅሎ አውርሶት ሊቀበል የሚሄድበት ነው። እህቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ አፏን ከፍታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ባልና ሚስቱ ለሰዓቱ ሲናገሩ እሷ ሚስትየዋን ሆነች፣ አንድ ሹፌር ባልየውን ሆነ፣ ቤቱ ተደበላለቀ። ባለ ሻንጣው በሩ ላይ ሲደርስ እጄን ያዘችኝ። ተመልሶ ሳህኑ ሲገለጥለት ግን እንደ ወትሮው አልለቀቀችኝም። እኔ ናፍቆት ነው አልኩ።

ሳህኗን አየሁ። ጥርግ አድርጋ በልታለች። የወጡን ጠብታ ሳይቀር በእንጀራ ጠራርጋዋለች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ራሷ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከታጠቡት ሳህኖች ጋር ደርድራው ወጣች። እኔ በደስታ እንባዬ መጣ። ጎረቤቴን በዓይኔ በቃ ሂጂ አልኳት፣ ከበሩ ላይ ተነስታ ወደ ዳቦዋ ሄደች። እህቴ ጉንጬን ሳመችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አላለችም። ሚኒባስ እንዳያመልጣት ፈጥና ሄደች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማዳም ደወለችልኝ። ደውላልኝ አታውቅም።

«ሳ ቫ?» አለችኝ፣ ደህና ነሽ ማለቷ ነው። «ተሻለሽ?»

«ምን ሆኜ ማዳም?»

ከዚያ በዝግታ፣ ሕፃን እንደማስረዳት እያደረገች፣ እህቴ ትናንት ማታ ከእኔ ስልክ እንደደወለችላት ነገረችኝ። እታለም በጣም ታማብኛለች፣ ሁለት ሦስት ቀን ላስታምማት ብላ አስፈቅዳ ነበር። «እኔም መድኃኒት ልላክልሽ ብዬ ነው» አለች።

ከእኔ ስልክ የተባለው ሐሰት ነው፤ ስልኬ ከኪሴ አልወጣም። ይህን ግን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ እንደቆምኩ ስካርፌን እንኳ ሳላደርግ ወደ ወደቡ ሮጥኩ፣ የታጁራና የኦቦክ ጀልባዎች ወደሚነሱበት። የኦቦኩ በጠዋት ሄዷል። አንድ የአፋር ሽማግሌ መረብ እያበጃጀ ነበር፤ ሴት ልጆች ነበሩበት ወይ አልኩት በምችለው አረብኛ። ነበሩ አለኝ። ነፋሱንስ እንዴት ታየዋለህ አልኩት። ባሕሩን አየና እግዜር ያውቃል በሚል እጁን ዘረጋልኝ።

ቤት ስመለስ ቀጥታ ወደ ጓዳ ገባሁ። የእሷን ሳህን ልፈልገው፣ ልከድነው። ሳህኖቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። አንዱ የተላጠ፣ አንዱ የተሰነጠቀ ይኖራል፤ የእሷ የቱ እንደነበረ ግን አላየሁም። ያየሁት ባዶ መሆኑን ነበር። ጎረቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «አንዱን አንሺና ክደኚው፣ ምን ለውጥ አለው» አለችኝ። አልቻልኩም። ያላስተረፈችውን ድርሻ ምን ብዬ ልክደንላት? ከደንኩ ማለት ሄዳለች ብዬ ተቀበልኩ ማለት ነው። ካልከደንኩ ደግሞ የሚጠብቃት የለም። እህቴ ሸክሙን አልተውለትም ያለችው ይህን ነበር። ልታቀልልኝ ፈልጋ ነው። አልቀለለኝም።

ከዚያ በኋላ ስልኬን እየታጠብኩም ከእጄ አልለየውም። ጅዳ ያለችው ጓደኛዋ ጋ ደወልኩ፤ እኔም እየጠበቅኋት ነው አለችኝ። አርብ መጣ፣ ሰው መጣ፣ ባለ ሻንጣውን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩት። ሰው የሚበላው ይብላ፣ ምን አጠፋ?

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፣ የማይታዩት ሰዎች እየሳቁ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር። ድምፁን ቀንሱ ብዬ ጮህኩ፣ ማንም አልሰማኝም፣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

«እትዬ» አለ የወንድ ድምፅ። «ድርሻዬን ብሉት።»

አወቅሁት። እህቴ በሄደችበት አርብ ከጥግ ጠረጴዛ ተነስቶ የሄደው፣ ሩዝ ያስተረፈው። እንኳን ደረስክ አልኩት። ከዚያ ስለ እህቴ ጠየቅሁት፤ መልኳን፣ የክት ልብሷን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የምትቀመጠዋን አልኩት።

«አዎ፣ አውቃታለሁ» አለ። «እስከ ባሕሩ ዳር አብረን ነበርን። ባለ ሻንጣውን እያስመሰለች መንገዱን ሁሉ ስታስቀን ነበር። ስንሳፈር ግን ሴቶቹን በሌላኛው ጀልባ ጫኗቸው።» ከኋላው ነፋስ ይሰማል። «ምነው እትዬ፣ እነሱ አልደወሉም እንዴ?»

ሳህኑን ከመደርደሪያው አወረድኩለት፣ አጠብኩት፣ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ምግብ ሳቀርብ ሳህኑን አገላብጬ ሳላይ አላቀርብም። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። ጎረቤቴ ባለፈው ለልጇ ሠርግ ሳህን አበድሪኝ ብላኝ አይሆንም አልኳት፣ ተቀየመችኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን አላስረዳም ነበር፤ እሷን ግን ጓዳ አስገብቼ የተደረደሩትን አሳየኋት። ከእነዚህ አንዱ የእህቴ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ አንዱም ከዚህ ቤት አይወጣም አልኳት። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ከሌላ ቤት ተበደረች።